ለጋሼና ለቅዳሜ አንባቢዎች ምስጋና፤ ሐዋሳ ላይ አጭር ልቦለድ ለምትጽፉ ሁሉ

ጋሼ ስማቸው እንዳይጠራ አስጠንቅቀዋል፤ ቃላቸውን አከብራለሁ። ምስጋናውን ግን አልተውም። ሐዋሳ ውስጥ አጭር ልቦለድ የምትጽፉ፣ ለውድድር የምትልኩ፣ ልካችሁም መልስ ያጣችሁ፣ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት የሰው ታሪክ አንብበው አስተያየት ለመስጠት የሚሰበሰቡትን ጋሼንና አንባቢዎቻቸውን እወቁልኝ።

መጀመሪያ ምሬቱ ይውጣ። ጽፎ አስተያየት የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ወይ «በርታ፣ ግሩም ነው» ነው፣ ወይ ዝምታ። የመመዝገቢያ ገንዘብ ተቀብለው ውጤቱን የውሃ ሽታ የሚያደርጉ ውድድሮች አሉ። ዳኛው ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ መስፈርቱ አይታወቅም፣ አሸነፈ የተባለው ሥራም አንድ ቀን ታትሞ አይታይም። «አርትዖት እንሠራለን» ብለው ገንዘብ ከተቀበሉ በኋላ ሁለት ሦስት የፊደል ግድፈት አርመው የሚመልሱም አሉ። የማንንም ስም አላነሳም። ግን ስንት ጎበዝ ልጅ እስክሪብቶውን የጣለው በዚህ ነው! ውድድር ብቻውን አያስተምርም፤ አለፍክ ወይም ወደቅክ ብሎ ያሰናብትሃል። የቱ ጋ እንደወደቅክ የሚነግርህ አንባቢ ነው፣ እነዚህ ሰዎችም የሚሰጡት ይህንን ነው። ያውም በነጻ።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። በአንድ ቅዳሜ የሚነበበው ሁለት ታሪክ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ከ1,500 ቃል አይበልጥም። ደራሲው ሦስት ቅጂ ይዞ ይመጣል፣ ጮክ ብሎ የሚያነበው ግን ሌላ ሰው ነው። ደራሲ የራሱን ሲያነብ ድምፁ ጉድለቱን ይሸፍንለታል። ሌላ ሰው ሲያነብ ምላሱ የሚደናቀፍበት ዓረፍተ ነገር ራሱን ያጋልጣል። ከዚያ 20 ደቂቃ ደራሲው አፉን ዘግቶ ይጽፋል። አንባቢዎቹ በመጀመሪያ የተረዱትን ታሪክ ይናገራሉ፣ ቀጥለው የሰለቹበትን ወይም የጠፉበትን መስመር በጣት ያሳያሉ። «እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር» ማለት ደራሲው እስኪጠይቅ ድረስ ክልክል ነው። ደራሲውም «እኔ ለማለት የፈለግኩት» ብሎ ማስረዳት አይችልም፤ ዳኛ ፊት ቆሞ ሊያስረዳ አይችልማ! አንድ ሰው ብቻ ያልወደደው ነገር የጣዕም ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ሦስት ሰው አንድ መስመር ላይ ከቆመ ግን እዚያ ችግር አለ፣ መፍትሔውን መፈለግ የደራሲው ሥራ ነው።

ጋሼ ሁልጊዜ የሚያርሙት በእርሳስ ነው። ደራሲው ካልተስማማ በላጲስ እንዲያጠፋው ነው እንጂ ቀይ እስክሪብቶ አጥተው አይደለም። ለዚህች ለአንዷ ነገር ብቻ እንኳ ምስጋና ይገባቸዋል።

አንድ ቅዳሜ የሆነውን ልንገራችሁ። የአንዲት እህታችን ታሪክ አሞራ ገደል ዓሣ ስለምትሸጥ እናት ነበር። የመጀመሪያው ገጽ በሙሉ ንጋት ነው፤ ሐይቁ፣ ጀልባው፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች። ወደ 350 ቃል ያህል ይሆናል። ጋሼ መዳፋቸውን ገጹ ላይ አሳረፉና «ከሁለተኛው ገጽ አንብቢልኝ» አሏት አንባቢዋን። አነበበች፦ «ከሚዛኑ ሥር የተለጠፈውን ድንጋይ ያየችው ልጇ ናት።» ሁሉም ቀና አለ። «ታሪክሽ የሚጀምረው እዚህ ነው ልጄ» አሉ ጋሼ። «ወፎቹን አትጣያቸው፣ ቦታ ይፈለግላቸዋል።»

መጨረሻው ላይ ደግሞ «ታማኝነት ከገንዘብ እንደሚበልጥ ተማረች» የሚል ነበረበት። ሦስቱም አንባቢዎች እዚያ ላይ ቆሙ። በሦስተኛው ቅዳሜ ተስተካክሎ ሲመጣ ስለ ታማኝነት አንድ ቃል የለም። ልጅቷ ድንጋዩን ወደ ሐይቁ ስትወረውር አባ ኮዳዎቹ የዓሣ አንጀት መስሏቸው ይንደረደራሉ። እናትየዋ ሚዛኑን እንደያዘች ታያቸዋለች። አለቀ። የተነገረው ሁሉ ገብቶናል፣ ማንም ግን አልሰበከንም።

ከጋሼ በተደጋጋሚ የሚሰማውን ደግሞ ላካፍላችሁ፤ በርቀት ላላችሁትም ይጠቅማል። በአማርኛ ትልቁ ወጥመድ ማሰሪያ አንቀጽ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ፣ ሲዘገይ ነው። «ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ታክሲ ይዞ ሄደ» ስንል አንባቢው እስከ «ሄደ» ድረስ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል፣ ሲደርስም ያገኘው ነገር የለም። እንደ «ተነስቶ» እና «ታጥቦ» ያለ ቃል ከሁለት በላይ ከተደረደረ ቁረጡት። በአንድ አንቀጽ ውስጥ አራት ዓረፍተ ነገር በ«ነበር» ካለቀም ሁለቱን ለውጡ። ሌላው ሀብታችን አንተና እርስዎ ነው። ሰውዬው አማቱን አሥር ገጽ ሙሉ «እርስዎ» ሲላቸው ቆይቶ አንድ ጊዜ «አንቺ» ካለ፣ ጠብ መነሣቱን ለማስረዳት ሌላ ቃል አያስፈልግም። በግዴለሽነት ከቀላቀላችሁት ግን ይህ ጉልበት ይባክናል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ አጻጻፍ ላይም አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ጽኑ። «ፀሐይ» ገጽ 2 ላይ «ጸሀይ» ከሆነች ዳኛው ግድየለሽ ይላችኋል።

ስለ ውድድርም የሚያስተምሩት ቁም ነገር ነው። ማስታወቂያ ሲወጣ መጀመሪያ የሚነበበው ደንቡ ነው። ብዙ ሥራ የሚወድቀው ሳይነበብ ነው፦ «ስም አትጻፉ» ተብሎ ሳለ ገጹ ላይ ስም ተጽፎ፣ የቃል ገደቡ ታልፎ፣ ወይም በድሮው የፓወር ግዕዝ ዓይነት ፊደል ተጽፎ ዳኛው ኮምፒዩተር ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ። በማንኛውም ስልክና ኮምፒዩተር ላይ በሚነበበው የፊደል ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ጻፉ፣ ፋይሉንም ከመላካችሁ በፊት በሌላ ሰው ስልክ ላይ ከፍታችሁ እዩት። «ያልታተመ» ከተባለ ቴሌግራም ላይ የለጠፋችሁትም እንደታተመ ሊቆጠር ይችላል። «የገባው ሥራ የአዘጋጁ ንብረት ይሆናል» የሚል አንቀጽ ካያችሁ ቆም በሉ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ደራሲው ሥራውን ጽፎ ሲጨርስ መብቱ ያለ ምዝገባ የእሱ ነው፤ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠበቅለታል። ይህን በአንድ የምዝገባ ቅጽ አሳልፎ መስጠት አያዋጣም።

ወደ ውጭ መላክ ለምትፈልጉም እንዲሁ። የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የእንግሊዝ ግዛቶች የሆኑ አገራት ማኅበር) የአጭር ልቦለድ ሽልማት ክፍያ የለውም፣ ከ2,000 እስከ 5,000 ቃል ይቀበላል፤ ግን ለአባል አገራት ዜጎች ነው፣ ኢትዮጵያ ደግሞ አባል አይደለችም። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው የኬን የአጭር ልቦለድ ሽልማት ለአፍሪካውያን ደራሲያን ክፍት ነው፤ የሚወዳደረው ግን በእንግሊዝኛ የታተመ ሥራ ሲሆን የሚያስገባውም አሳታሚው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈለገው የሚያትም መጽሔት ነው። ስትተረጉሙም የቃል ቁጥሩን አስሉ፦ «አልነገረችኝም» ለእኛ አንድ ቃል ናት፣ በእንግሊዝኛ አምስት ትሆናለች። በአማርኛ ልክ 5,000 የሆነ ታሪክ ሲተረጎም ገደቡን ጥሶ ይሄዳል።

ቀነ ገደቡ 10 ቀን ከቀረው የሚመክሩት አካሄድ ይህ ነው፦ 4 ቀን መጻፍ፣ 3 ቀን መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ፣ 2 ቀን መቁረጥ፣ በመጨረሻው ቀን ጮክ ብሎ ማንበብና መላክ። ያ የ3 ቀኑ ዕረፍት ነው ሁሉም የሚዘለው፣ ጉዳቱም ከዚያ ይጀምራል፤ ትናንት የተጻፈን ነገር ዛሬ ሲያነቡት ዓይን ያልተጻፈውን ሞልቶ ያነባል። 1,900 ቃል የነበረው 1,500 እንዲሆን ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ገጽ ጀምሩ፤ ትርፉ የሚከማቸው እዚያ ነው። የላካችሁትን በደብተር መዝግቡ፦ የታሪኩ ርዕስ፣ ስንተኛው ቅጂ፣ የት፣ መቼ። ያለበለዚያ አንድ ታሪክ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ይገባና ከሁለቱም ሊሰረዝ ይችላል።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። የሰው ጽሑፍ ተሸክመው ቤት ወስደው፣ አንብበው፣ በጥርት ያለ የእጅ ጽሑፍ ኅዳጉን ሞልተው መመለስዎ ከምንም በላይ ነው። እናንተም የቅዳሜ አንባቢዎች፣ በተለይ ፎቶ ኮፒ ማስነሻ ላጣ ሰው ሳይነግሩት የምትከፍሉት፣ ውለታችሁ ብዙ ነው።

የምትጽፉ ሂዱ፣ ደግሜ እላለሁ ሂዱ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ግን የራሳችሁን ጽሑፍ ሳትይዙ ሂዱና የሌላውን ስሙ፤ ደንባቸው ነው። ሦስት ቅጂ የሚያስፈልጋችሁ ለሁለተኛው ነው። በአንድ በኩል ብቻ ይታተም፣ በመስመሮቹ መካከልም ሰፋ ያለ ቦታ ይኑር፤ የጋሼ እርሳስ ማረፊያ ይፈልጋል።