ውጭ ላለ ቤተሰብ ገንዘብ ስንልክ፦ ባንክ፣ ሐዋላ፣ አፕ ወይስ ሞባይል?

«ያለ ክፍያ ይላኩ» የሚል ማስታወቂያ ያላየ ሰው የለም። ግን ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ቢሮ ከፍቶ፣ የሰው ገንዘብ ድንበር አሻግሮ በነጻ የሚያደርስ ድርጅት የለም። ኮሚሽን ካልጠየቀ ትርፉን ከምንዛሪው ላይ እየወሰደ ነው። ስለዚህ መንገዶቹን ከማወዳደራችን በፊት መለኪያችንን እናስተካክል።

መለኪያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ከእኔ ኪስ በድምሩ ይህን ያህል ሲወጣ ተቀባዩ እጅ ስንት ይገባል? ኮሚሽኑን ብቻ ያየ ወይም ምንዛሪውን ብቻ ያየ ሰው ግማሹን ነው ያየው።

ምሳሌ እንውሰድ። በመካከለኛው የገበያ ተመን፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ በሚመጣላችሁ ተመን፣ 1 ዶላር በተቀባዩ ሀገር ገንዘብ በ100 ይመነዘራል እንበል። አንዱ ድርጅት ኮሚሽን አይጠይቅም፤ ዶላሩን ግን በ96 ይመነዝራል። ሌላው 4 ዶላር ኮሚሽን ይቆርጥና በ99.50 ይመነዝራል። 200 ዶላር ብትይዙ በመጀመሪያው 19,200፣ በሁለተኛው 19,502 ይደርሳል። ነጻ የተባለው ውድ ሆኖ ተገኘ። 50 ዶላር ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በመጀመሪያው 4,800፣ በሁለተኛው 4,577 ነው። 1,000 ዶላር ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከ3,100 በላይ ይሆናል። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት 114 ዶላር አካባቢ ነው።

ስለዚህ «ርካሹ የትኛው ነው?» ለሚል ሰው የመጀመሪያ መልሴ «ስንት ነው የምትልከው?» የሚል ነው። የዓለም ባንክ በሚያደርገው ክትትል 200 ዶላር ለመላክ በአማካይ ከ6 በመቶ በላይ ይወጣል። የተባበሩት መንግሥታት ደግሞ ይህ ወጪ እ.ኤ.አ. በ2030 ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ግብ አስቀምጧል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዙ። ኮሚሽኑና የምንዛሪው ልዩነት ተደምሮ ከ3 በመቶ በታች ከሆነ ጥሩ ዋጋ ነው። ከ6 ካለፈ ሌላ ቦታ ጠይቁ።

ባንክ ለባንክ

ብዙ ሰው ባንክን የሚመርጠው ስለሚያምነው ነው። እምነቱ ልክ ነው። ለአነስተኛ ገንዘብ ግን በአማካይ ከሁሉም ውዱ መንገድ ባንክ ነው።

ምክንያቱ አሠራሩ ላይ ነው። ከሀገር ሀገር የሚሄድ የባንክ ገንዘብ በአብዛኛው ስዊፍትን ይጠቀማል። ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተ፣ መቀመጫው ቤልጂየም የሆነ የመልእክት መረብ ነው። ገንዘቡን ራሱ አያንቀሳቅስም፤ «ይህን ያህል ለእገሌ ክፈል» የሚለውን ትእዛዝ ብቻ ያደርሳል። የእናንተ ባንክና የተቀባዩ ባንክ ቀጥታ ግንኙነት ከሌላቸው መሀል ላይ ሌላ ባንክ ይገባል፤ አንዳንዴም ሁለት። እያንዳንዱም የድርሻውን ሊቆርጥ ይችላል። ላኪው ሙሉውን ልኮ ተቀባዩ «ጎድሎ ነው የደረሰኝ» የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ቅጹ ላይ ግን ምርጫ አለ። ወጪውን ላኪው ብቻ፣ ተቀባዩ ብቻ ወይም ሁለቱም እንዲጋሩት ማድረግ ይቻላል። ለትምህርት ቤት ወይም ለሆስፒታል የሚሄድና ሙሉው መድረስ ያለበት ገንዘብ ከሆነ ወጪውን በላኪው ላይ አድርጉት። ይህን ካልተናገራችሁ ባንኩ የራሱን የተለመደ ምርጫ ይሞላዋል።

ባንክ የሚያዋጣው ለትልቅ ገንዘብ ነው። ኮሚሽኑ ብዙ ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ ገንዘቡ ሲበዛ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ሰነዱም ለኋላ ማስረጃ ይሆናል። ገንዘቡ ትልቅ ሲሆን የተሻለ ምንዛሪ መጠየቅም ነውር የለውም። ጊዜው ከ1 እስከ 5 የሥራ ቀን ሊወስድ ስለሚችል ለአስቸኳይ ጉዳይ አይሆንም። የሁለቱም ሀገር በዓላትና ቅዳሜና እሁድ አይቆጠሩም።

ሂሳብ ቁጥሩን ደግሞ ከተቀባዩ በጽሑፍ ተቀበሉ እንጂ በስልክ እየሰማችሁ አትጻፉ። የተቀባዩን ባንክ የሚለየው የስዊፍት ኮድ 8 ወይም 11 ፊደልና ቁጥር አለው። አይባን የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሂሳብ ቁጥር በሚጠቀሙ ሀገሮች ቁጥሩ እስከ 34 ሊረዝም ይችላል። አይባን ውስጥ ስህተት የሚጠቁሙ ሁለት መቆጣጠሪያ አሃዞች ስላሉ አንድ ቁጥር ብትስቱ ሲስተሙ ይይዘዋል። ተራ ሂሳብ ቁጥር ላይ ግን ይህን ጥበቃ ሁልጊዜ አታገኙም።

በጥሬ ገንዘብ የሚወሰድ ሐዋላ

ዌስተርን ዩኒየን ገንዘብ ማስተላለፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1871፣ በቴሌግራፍ ዘመን ነው። እሱ፣ መኒግራምና ሪያ ዛሬም ያልተተኩበት ቦታ አላቸው። ተቀባዩ አካውንት የለውም፣ ስማርት ስልክ አይጠቀምም፣ ገንዘቡም ዛሬ ያስፈልጋል? እንግዲያው መንገዱ ይሄ ነው። ተቀባዩ መታወቂያና የመለያ ቁጥሩን ይዞ ወኪል ጋ ይሄዳል። ቁጥሩ በዌስተርን ዩኒየን 10 አሃዝ፣ በመኒግራም 8 አሃዝ ነው። ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ዝግጁ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሰው ብዙ የማያስተውለው ነገር አለ። በአንድ ድርጅት፣ ወደ አንድ ሀገር፣ አንድ ዓይነት ገንዘብ ልካችሁ ዋጋው ሊለያይ ይችላል። ወኪል ጋ ሄዶ መክፈልና በድርጅቱ አፕ መክፈል አንድ አይደለም። ከባንክ አካውንት መክፈል ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ግን ሊዘገይ ይችላል። ክሬዲት ካርድ ደግሞ ተውት። ብዙ ካርድ ሰጪዎች ይህን እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ይቆጥሩትና ተጨማሪ ክፍያና ከዕለቱ የሚጀምር ወለድ ያስከፍላሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ ወደ ውጭ የሚልክ ሰው 1 በመቶ ግብር ይከፍላል። ከባንክ አካውንቱ ወይም እዚያው በወጣ ዴቢት ካርድ የከፈለ ግን ግብሩ አይነካውም።

የተቀባዩን ድካም በወጪው ላይ ደምሩት። እናት ወይም አያት ረጅም መንገድ ሄደው፣ ተሰልፈው፣ ጥሬ ገንዘብ በቦርሳ ይዘው የሚመለሱ ከሆነ 3 ዶላር የቆጠበው መንገድ ርካሽ አልነበረም። ስሙም መታወቂያው ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል ይጻፍ። የቤት ስም ወይም የተለወጠ ፊደል ሰውን ባዶ እጁን ይመልሳል። ማረም ይቻላል፤ ግን ቀን ያስጠፋል።

ከሁሉም በላይ፣ በዚህ መንገድ ለማታውቁት ሰው በፍጹም አትላኩ። ገንዘቡ አንዴ ከተወሰደ ማስመለስ እጅግ ከባድ ነው። አጭበርባሪዎች ይህን መንገድ የሚወዱትም ለዚህ ነው። «ልጅህ ታስሯል፣ አሁኑኑ ላክ» የሚል ስልክ ሲመጣ መጀመሪያ ዘጋ አድርጉና በምታውቁት ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ።

አፖች

ዋይዝ እ.ኤ.አ. በ2011 ትራንስፈርዋይዝ በሚል ስም የጀመረ ነው። ሬሚትሊና ወርልድሬሚትም በዚያው አካባቢ የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ በተለያዩ ሀገሮች ገንዘብ አስቀምጠው ይሠራሉ። እናንተ እዚህ ስትከፍሉ ለተቀባዩ እዚያ ካለው ይከፈለዋል። የመሀል ባንክ ቆረጣም በዚህ ይቀራል።

እኔ በየወሩ ለሚልክ ሰው መጀመሪያ የምመክረው ይህንን ነው። ዋጋውን ሳትከፍሉ ታዩታላችሁ፣ ቤት ሆናችሁም ሁለት ሦስት አፕ ማወዳደር ትችላላችሁ። ዋይዝ በመካከለኛው ተመን መንዝሮ ክፍያውን ለብቻ ያሳያል። ሬሚትሊ ፈጣንና ቀስ ያለ የሚባሉ ሁለት ምርጫዎች አሉት፤ ገንዘቡ ለነገ የማይፈለግ ከሆነ ቀስ ያለውን እዩት። ሁሉም አፕ ግን ወደ ሁሉም ሀገር አይልክም። የመጀመሪያ ጊዜ ምንዛሪ አያታልላችሁ። ብዙ አፖች አዲስ ደንበኛ ለመሳብ አንዴ ብቻ የሚሠራ ጥሩ ተመን ይሰጣሉ፤ ስታወዳድሩ የሁለተኛውን ጊዜ ተመን ፈልጉ።

ትልቁ ችግራቸው ማጣሪያው ነው። መታወቂያ፣ አድራሻ፣ አንዳንዴም የገቢ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ገንዘቡ ከፍ ሲል ዝውውሩን አቁመው ተጨማሪ ሰነድ ሊሉ ይችላሉ። ይህ የሚገጥመው ደግሞ ሰው ሲቸኩል ነው። ስለዚህ ችግር ሳይመጣ ተመዝገቡ፣ ማጣሪያውን ጨርሱ፣ ትንሽ ገንዘብ ልካችሁ ሞክሩት። አስቸኳይ ቀን ሲመጣ ያኔ ትገላገላላችሁ።

የሞባይል ገንዘብ

ኤም-ፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007 ኬንያ ውስጥ ከጀመረ ወዲህ ስልክ በብዙ ሀገር እንደ ባንክ ሂሳብ ያገለግላል። ቶሎ ቶሎ ለሚላክ አነስተኛ ገንዘብ ምቹ ነው፤ ተቀባዩም ከተማ መሄድ አይጠበቅበትም። ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ዋሌቱ (ስልኩ ላይ ያለው የገንዘብ ሂሳብ) በቀንና በወር ስንት ድረስ ይቀበላል? ሁለተኛ፣ ከወኪል ሲያወጣ ስንት ይቆረጥበታል? ላኪው የማያየው ወጪ እዚያ ነው።

ከመደበኛው መስመር ውጭ ያሉት

በደላላ የሚሄደው መንገድ በምንዛሪ ሊያጓጓ ይችላል። ነገር ግን ፈቃድ ከሌለው በብዙ ሀገር ሕገወጥ ነው፣ ገንዘቡ ቢጠፋም የሚከሰስ የለም። ተቀባዩ አካውንት ውስጥ ከማያውቀው ሰው ገንዘብ ሲገባ አካውንቱ ሊታገድም ይችላል። ወጪ የምትቆጥቡት በእሱ ስጋት ከሆነ ቢቀር ይሻላል እላለሁ።

ክሪፕቶ፣ ማለትም እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ፣ የሁለቱንም ወገን ሕግና መሣሪያ ለሚያውቁ ብቻ ነው። በተሳሳተ አድራሻ የተላከ አይመለስም፤ ወደ ጥሬ ገንዘብ ሲቀየርም ሌላ ክፍያ አለ። በሰው እጅ መላክ ደግሞ አስተማማኝ ሰው ከተገኘ ይሆናል። ወደ አሜሪካ ሲገቡም ሆነ ሲወጡ ከ10,000 ዶላር በላይ፣ ለአውሮፓ ኅብረት ደግሞ 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ የያዘ መንገደኛ ማሳወቅ ግዴታው ነው።

ከመላካችሁ በፊት

መንገዱን ከተቀባዩ ጋር ተነጋግራችሁ ምረጡ። «ብሩን በምን ብትቀበዪ ይቀልሻል?» የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም የዋጋ ሰንጠረዥ ይቀድማል። ከዚያ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ለዚያው ገንዘብ ከሁለት ሦስት ቦታ የመጨረሻውን ቁጥር ውሰዱ፤ የትናንት ተመን ለዛሬ አይሆንም። ተቀባዩ በየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈለውም እዩ። በዶላር ተልኮ ባንኩ በራሱ ተመን ከመነዘረው ስሌታችሁ ይበላሻል።

ደረሰኙንና የመለያ ቁጥሩን «ደርሶኛል» እስክትባሉ ድረስ አትጣሉ። ስህተት ካያችሁም አትዘግዩ። ለምሳሌ ከአሜሪካ የሚልክ ሰው በአብዛኛው ከከፈለ በኋላ 30 ደቂቃ ውስጥ፣ ገንዘቡ ገና ካልተወሰደ ወይም አካውንት ካልገባ፣ ሰርዞ ሙሉውን የማስመለስ መብት አለው። ከሌላ ሀገር የምትልኩ ከሆነ የመሰረዣውን ጊዜ ሳትከፍሉ በፊት ጠይቁ።