ለጅማ ክሊኒክ የወባ መመርመሪያ ሲገዛ፦ ኪት ወይስ ማይክሮስኮፕ?

በጅማና በአካባቢዋ ክሊኒክ ላላቸው ሰዎች የወባ ምርመራ ግዢ ዋናው ጥያቄ ኪቱ፣ ማለትም በጥቂት ደም ፈጣን ውጤት የሚሰጠው መመርመሪያ፣ የሚፈልገው የትኛውን የወባ ተሕዋስ ፕሮቲን ነው የሚለው ነው። በአገራችን ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የተባሉት ሁለት የወባ ተሕዋስ ዝርያዎች ስለሚገኙ፣ ለመጀመሪያው ኮአርተም፣ ለሁለተኛው ክሎሮኪንና ፕሪማኪን ስለሚታዘዝ፣ ዝርያውን የማይለይ ውጤት ለሐኪሙ ግማሽ መልስ ነው።

ኤችአርፒ2 የተባለውን ፕሮቲን ብቻ የሚፈልገው ኪት ለፋልሲፓረም ጥሩ ቢሆንም ቫይቫክስን ጨርሶ አያይም። ፕሮቲኑ ታማሚው ከዳነ በኋላም ለሳምንታት በደም ውስጥ ስለሚቆይ፣ በቅርቡ መድኃኒት የወሰደ ሰው ትኩሳት ይዞት ሲመለስ ውጤቱ ያደናግራል። ከሁሉም የሚከፋው ግን ፕሮቲኑን የሚያመርተው ዘረመል የጠፋባቸው የፋልሲፓረም ተሕዋስያን በኢትዮጵያ መገኘታቸው ነው፤ እነዚህን ኪቱ «ነፃ» ብሎ ሊያሳልፋቸው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚህ ምክንያት የሚያመልጡት ሕሙማን ከ5 በመቶ ሲበልጡ አገሮች ኪታቸውን እንዲቀይሩ ይመክራል።

«ሁለቱንም ዝርያ ይለያል» የሚል ማሸጊያ ብቻውን አያስተማምንም። ብዙዎቹ ቫይቫክስን ፒኤልዲኤች በተባለ ሌላ የተሕዋሱ ፕሮቲን፣ ፋልሲፓረምን ግን አሁንም በኤችአርፒ2 ብቻ ስለሚለዩ የዘረመሉ ችግር እንዳለ ይቀጥላል። ስለዚህ ፋልሲፓረምንም በፒኤልዲኤች የሚፈልግ የውጤት መስመር ያለውን መምረጥ ይሻላል፤ አከፋፋዩ ይህን መመለስ ካልቻለ ከሳጥኑ ውስጥ ያለውን መመሪያ አስወጥቶ ማንበብ ነው።

ማይክሮስኮፕ የሠለጠነ ባለሙያ፣ ንጹሕ ስላይድና በአግባቡ የተበጠበጠ ጊምሳ የተባለ ማቅለሚያ ይፈልጋል፤ ኪቱ በ15 እና በ20 ደቂቃ መካከል የሚሰጠውን መልስም ያዘገያል። በምትኩ የተሕዋስያኑን ብዛት ይቆጥራል፣ መድኃኒቱ መሥራቱን ለመከታተል ያስችላል፤ ከወባ ጋር የሚምታታውን የግርሻ ትኩሳት ባክቴሪያም በዚያው ስላይድ ላይ ያሳያል። ይህን አንድም የወባ ኪት አያደርገውም። ጥሩ የላብራቶሪ ባለሙያ ያለው ክሊኒክ ማይክሮስኮፑን ይዞ ኪቱን ለሌሊት ተረኛና ከክረምት በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ለሚበዛው ሕመምተኛ ቢያስቀምጥ እመርጣለሁ። ባለሙያ የሌለው ግን ጥሩ ኪት ይግዛ፤ ባልሠለጠነ ዓይን የታየ ስላይድ ከኪት የባሰ ያሳስታል።

ሲረከቡ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑንና ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የሙቀት ገደብ ይመልከቱ። በጅማ ዝናብ ወቅት ከረጢቱ ተቀዶ የቆየ ካሴት (ደሙ የሚጨመርበት የኪቱ ክፍል) እርጥበት ስለሚስብ ከረጢቱ መከፈት ያለበት ሊጠቀሙበት ሲሉ ብቻ ነው፤ የአንዱን ሳጥን በፈር (በካሴቱ ላይ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ) ለሌላው ኪት ማዋልም አይፈቀድም።