የ«ታላቅ እህት»ን ፍቅር በምን እንየው? በሠዓሊው ሕይወት ወይስ በአሣሣሉ?

ፈረንሳዊው ዊልያም ቡግሮ «ታላቅ እህት»ን የሣለው በ1869 እ.ኤ.አ. ነው። ሥዕሉ አሁን አሜሪካ፣ በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ባዶ እግሯን የተቀመጠች ልጅ እንቅልፍ የወሰደውን ሕፃን ታቅፋለች።

በሠዓሊው ሕይወት ካየነው፦ ይሄ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ልብም ቶሎ ይነካል። ሞዴሎቹ የገዛ ልጆቹ ሄንሪየትና ፖል ናቸው። ሥዕሉ ከመሣሉ ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ ትንሿ ልጁ ዣን ሞታበታለች። አደጋው፣ ሐዘኑን ከውጭ አምጥተን ሥዕሉ ላይ መጫናችን ነው። ሸራው ላይ እኮ የሚያለቅስ ሰው የለም።

በአሣሣሉ ካየነው፦ ጊዜ ይጠይቃል፣ ግን የበለጠ ይከፍላል። የሁለቱ ልጆች አካል ተጋጥሞ ሦስት ማዕዘን ይሠራል። ይህ አቀማመጥ የጣሊያናዊውን ሠዓሊ የራፋኤልን የማርያምና የሕፃኑ ኢየሱስ ሥዕሎች ያስታውሳል፤ ቡግሮም በ1850 ለወጣት ሠዓሊዎች የሚሰጠውን የፈረንሳይ «የሮም ሽልማት» አሸንፎ ጣሊያን ሄዶ ተምሯል። ስለዚህ እህትየዋ የእናት ቦታ ተሰጥቷታል። ደግሞ ዓይኗን እዩት። ሕፃኑ ተኝቷል፣ እሷ ግን በቀጥታ እኛን ታያለች። ለእኔ ፍቅሩ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ እየጠበቀችው ነው። አደጋው፣ መስመር ስንቆጥር ልጆቹን መርሳት ነው።

ልጆች ይዛችሁ ሙዚየም ከሄዳችሁ በሕይወት ታሪኩ ጀምሩ። ስለ ሥዕሉ ልትጽፉ ከሆነ ግን መጀመሪያ አሣሣሉን አጥኑ፤ የዣንን ሞት በኋላ ጨምሩበት።