ቱሉ ዲምቱ የተገጣጠመ የሊቲየም ባትሪ፤ ከአንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አነስተኛ የመድኃኒት መደብር አለኝ። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ስላለበት መብራት ሲጠፋ አስቀድሞ የማስበው ስለ ፍሪጁ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ደስ ቢለንም፣ ከተማው ዳር ላለነው መብራቱ አሁንም ይሄዳል፣ ይመጣል።

አምና ከሰፈራችን ጀርባ ወጣቶች የሚገጣጥሙትን ባለ 25.6 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከነኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል የቤት ዕቃ ወደሚሠራበት መብራት የሚቀይረው መሣሪያ) ገዛሁ። በውስጡ እያንዳንዳቸው 3.2 ቮልት የሆኑ 8 የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴሎች አሉ። ሴሎቹና መቆጣጠሪያ ካርዱ ከቻይና የመጡ ሲሆኑ፣ ሳጥኑን ከላሜራ ቆርጠው የሚበይዱት፣ የመዳብ ማገናኛውን የሚያዘጋጁት፣ የሴሎቹን አቅም ለክተው ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ የሚያደርጉት ግን እዚሁ ነው። ይህን ሳይደብቁ ስለነገሩኝ አክብሬያቸዋለሁ። ፍሪጁንና ሁለት አምፖል ሌሊቱን ሙሉ ይዞ ያድራል።

በአራተኛው ወር ባትሪው ፍሪጁ በተነሣ ቁጥር ይዘጋ ጀመር። ይዤው ስሄድ ሠራተኛው «ጋሼ፣ እዚሁ ቆመው ይዩት» ብሎ ክዳኑን ፈታ፤ ጭነት አገናኝቶ ቴስተሩን ሴል በሴል ሲያሳርፍ በስድስተኛው ላይ ቁጥሩ ወረደ። ማገናኛውን ሲያወጣው ጫፉ በሙቀት ጠቁሯል፤ ብሎኑ ሲገጠም በደንብ አልጠበቀም ነበር። «ጥፋቱ የእኛ ነው» ብሎ መዳቡን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ፣ ሁሉንም ብሎኖች እንደገና አጥብቆ፣ ያለ ክፍያ በአንድ ሰዓት ውስጥ መለሰልኝ። ከዚህ በፊት ከውጭ የመጣ የታሸገ ባትሪ ተበላሽቶብኝ ሻጩ ሳይከፍተው «ሌላ ይግዙ» ብሎኝ ስለነበር፣ ገጣጣሚው በእግር በሚደረስበት ቦታ መኖሩ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያየሁት ያን ዕለት ነው። አንድ ሴል ቢሞት እሱ ብቻ ይቀየራል፤ ሰባቱ አይጣሉም።

ቅር ያሰኘኝም አለ። መለዋወጫ ሴል በእጃቸው ስለማያስቀምጡ ሴል የሚቀየርለት ሰው ዕቃው ከውጭ እስኪገባ መጠበቅ አለበት። በአማርኛ የተጻፈ የአጠቃቀም መመሪያም የለውም፤ የኢንቨርተሩ ማራገቢያ ድምፅ ደግሞ ለመኝታ ቤት አይመችም። የሚገዛ ሰው ባትሪውን ከመረከቡ በፊት በጭነት ላይ እያለ ስምንቱም ሴሎች ፊቱ እንዲለኩለት ይጠይቅ፤ ደስ ብሏቸው ያደርጉታል።