ጥንቃቄ፦ ዛቢክስ «ላይሰንሱ አልቆ» አይቆምም

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ አልነሳ ያለ ሰርቨርም እንደዚያው ነው። ሰርቨሮቻችሁን የሚከታተለው ዛቢክስ ሲቆም «ላይሰንሱ አልቋል፣ በዚህን ያህል ብር እናድስላችሁ» የሚል ከመጣ አትስሙት። ዛቢክስ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ ከ7.0 በፊት በጂፒኤል፣ ከ2024 እ.ኤ.አ. የ7.0 ቨርዥን ወዲህ ደግሞ በኤጂፒኤል ነው የሚለቀቀው፤ ሁለቱም የነጻ ሶፍትዌር ፈቃዶች ናቸው። ቀኑ ሲደርስ የሚያልቅ ቁልፍ የለውም። ላትቪያ ያለው ባለቤት ኩባንያ የድጋፍ ውል ይሸጣል፣ ይህ ንጹሕ ንግድ ነው፤ ውል የላችሁም ተብሎ ግን ሰርቪሱ አይዘጋም።

ከዚህ የሚብሰው «አጥፍተን እንደ አዲስ እንጫነው» የሚለው ነው። ለጫኚው ቀላል ሥራ ነው። ዳታቤዙ ከተሰረዘ ግን ያስመዘገባችኋቸው ማሽኖች፣ የማንቂያ ደንቦቻችሁና የወራት መረጃችሁ አብረው ይሄዳሉ፤ ለዚያም ላይ ሒሳብ ትከፍላላችሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት ሎጉን፣ ማለትም ዛቢክስ የገጠመውን የሚጽፍበትን ፋይል፣ አስወጡ። የሰርቪሱን ሁኔታ የሚያሳየው የሊኑክስ ትዕዛዝ፣ ሲስተምሲቲኤል ስታተስ፣ ወድቋል ከማለት አልፎ ብዙም አይናገርም። ምክንያቱ ያለው ቫር ውስጥ፣ ሎግ በሚለው ፎልደር ሥር፣ ዛቢክስ የሚለው ውስጥ ነው፤ የመጨረሻዎቹ 50 መስመሮች አብዛኛውን ጊዜ ይበቃሉ። እዚያ አዲስ ነገር ካልተጻፈ የሲስተሙን መዝገብ የሚያሳየውን ጆርናልሲቲኤልን እዩ፤ «ፐርሚሽን ዲናይድ» (ፈቃድ የለም) የሚል ካለ የፎልደሩን ባለቤትነት ዛቢክስ ለሚባለው ዩዘር መመለስ ነው። 777፣ ማለትም ለሁሉም ሰው ሙሉ ፈቃድ፣ ሰጥቶ «ሠራሁት» የሚል ሰው አልሠራውም፤ በተለይ የዳታቤዝ ፓስዎርድ ያለበትን የኮንፊግ (የቅንብር) ፋይል ከነካ ለማንም ከፍቶታል።

ሎጉ ላይ 1045 የሚል ቁጥር ካያችሁ ዳታቤዙ ዛቢክስን አላስገባም ማለት ነው። እዚያው መስመር መጨረሻ ላይ ያለውን ቅንፍ ልብ በሉ፦ «ዩዚንግ ፓስዎርድ» ብሎ «ኖ» ካለ ፓስዎርዱ ጭራሽ አልተላከም። ኮንፊጉ ውስጥ ዲቢ ፓስዎርድ የሚለው መስመር ሲመጣ ከፊቱ የ# ምልክት አለበት፣ ምልክቷ ካለች ዛቢክስ መስመሩን አያነበውም፤ ፓስዎርዱን ሞልቶ ምልክቷን ሳያነሳ የሚሄድ ጫኚ ብዙ ነው። «የስ» ካለ ደግሞ ፓስዎርዱ ተልኳል፣ ግን ተሳስቷል። በዚህ ብልሽት ሰርቪሱ በየ10 ሰከንዱ እንደገና እየሞከረ ስለሚቆይ ስታተሱ አረንጓዴ ሊያሳያችሁ ይችላል፤ ዛቢክስ መረጃ የሚቀበልበት ፖርት 10051 ግን አይከፈትም። ምልክት አጥፍቶ ሪስታርት ለማድረግ የቀን ሒሳብ አይጠየቅም።

«ራም ጨምሩ» የሚባለውም አለ። ሎጉ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» ብሎ ካሽ ሳይዝን (ኮንፊጉ ውስጥ ያለውን የሜሞሪ ድርሻ) ጨምሩ ካለ የማሽኑ ራም አልሞላም፤ ዛቢክስ ለራሱ የመደበው ነው የሞላው። ከ6.0 ወዲህ መነሻው 32 ሜጋባይት ነው፣ ክትትል የሚደረግባቸው ማሽኖች ሲበዙ አይበቃም። 128M (ሜጋባይት) ብላችሁ ሪስታርት አድርጉና እዩት። ሃርድዌር መግዛት የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው።

አፕዴት ከተደረገ በኋላ ከሆነ የቆመው፣ የዳታቤዙን ቨርዥን ጠይቁ። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ከሆነ ዛቢክስ 7.0 ቢያንስ 8.0.30 ይፈልጋል፤ ካላገኘ አልነሳም ይላል። ኮንፊጉ ውስጥ ያልተደገፈ የዳታቤዝ ቨርዥንን የሚፈቅደውን «አላው አንሰፖርትድ ዲቢ ቨርዥንስ» የሚለውን 1 አድርጎ የሚያስነሳላችሁ ባለሙያ ጥያቄውን አፉን አስያዘው እንጂ አልመለሰውም። ዳታቤዙ አንዴ ወደ አዲሱ ቨርዥን ከተቀየረ ደግሞ ያለ ባክአፕ ወደ ኋላ መመለስ የለም።

ሬድ ሃትና ዘመዶቹ በሆኑ ሊኑክሶች ላይ ሰርቪሱ እየሠራ ዌብ ገጹ ብቻ «አይሠራም» ካለ ኤስኢሊኑክስ የሚባለው የሊኑክስ ጥበቃ ነው የሚጠረጠረው። ዌብ ሰርቨሩ ከዛቢክስ ጋር እንዲገናኝ የሚፈቅድ አንድ ማብሪያ አለው፤ ሙሉውን ማጥፋት አያስፈልግም።

ሒሳብ ስትዘጉ ሦስት ነገር ተቀበሉ፦ ስህተቱን የሚያሳየውን የሎግ መስመር፣ የተነካውን ፋይል ከነአሮጌው ቅጂ፣ ሥራው ሳይጀመር የተወሰደውን የዳታቤዝ ባክአፕ። ከዚያ በአድሚን ስም፣ በፋብሪካው ፓስዎርድ በ«ዛቢክስ» ለመግባት ሞክሩ። ከገባችሁ ፓስዎርዱ አልተቀየረም ማለት ነው፤ ቀሪውን ክፍያ አትልቀቁ።