«ተፈትሿል» እየተባለ የሚሸጥ ያገለገለ የፍጥነትና የከፍታ መለኪያ ከመግዛታችሁ በፊት

በአሜሪካ እየኖራችሁ በትርፍ ጊዜያችሁ በገዛ እጃችሁ አነስተኛ አውሮፕላን የምትሠሩ ወገኖች፣ በኢንተርኔት የሚሸጡ ያገለገሉ የፍጥነት መለኪያዎችንና አልቲሜትሮችን (የከፍታ መለኪያዎችን) ከመግዛታችሁ በፊት በእኔ ላይ የደረሰውን እንድታውቁ እፈልጋለሁ።

ሁለቱን መሣሪያዎች በአንድነት የገዛሁት ከአዲሶቹ ዋጋ ከግማሽ በታች ነበር። ሻጩ ዕቃዎቹ ተፈትሸው ትክክለኛነታቸው እንደተረጋገጠ ቢጽፍልኝም የፍተሻውን ሰነድ አልላከም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አውሮፕላኔ ገና ስላላለቀ ዕቃዎቹ ከነካርቶናቸው ለ14 ወራት መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ፤ የመመለሻው ጊዜ ግን 30 ቀን ብቻ ነበር። ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው መለኪያዎቹን የሚገዛው ከመብረሩ ብዙ ወራት ቀድሞ በመሆኑ፣ ጉድለቱን የሚያየው የመመለሻው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።

በሙከራ በረራ ጊዜ የነፋሱን ተጽዕኖ ለማስወገድ በአራት አቅጣጫ በርሬ የጂፒኤሱን አማካይ ፍጥነት ወሰድሁ፤ ለከፍታውና ለሙቀቱም አስተካክዬ ሳነጻጽር የፍጥነት መለኪያው ወደ 9 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት የሚለካበት አሃድ) አስበልጦ ያሳይ ነበር። ለማረፍ በሚቃረብበት ጊዜ ይህ ሕይወት የሚያስከፍል ስሕተት ነው፤ አብራሪው በቂ ፍጥነት ያለው መስሎት ሲቀንስ ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሊያቅተው ይችላል።

ሻጩ «ጥፋቱ የቱቦህ ነው» አለኝ። መልሱ ብዙ ጊዜ እውነት ሊሆን ስለሚችል ቸል አላልሁትም። የስታቲክ መስመሩ፣ ማለትም የውጭውን አየር ግፊት ወደ ሁለቱ መለኪያዎች የሚያደርሰው ቱቦ፣ ኮክፒት (የአብራሪው ክፍል) ውስጥ የሚያፈስ ከሆነ፣ በብዙ አነስተኛ አውሮፕላኖች የኮክፒቱ ግፊት ከውጭው ስለሚያንስ ፍጥነቱም ከፍታውም በዝተው ይታያሉ፤ ከፊት የሚመታውን አየር ግፊት ወደ ፍጥነት መለኪያው የሚያደርሰው የፒቶ መስመር ካፈሰሰ ደግሞ ፍጥነቱ ብቻ አንሶ ይታያል። አርቪ በተባሉት በገዛ እጅ በሚገጣጠሙ አውሮፕላኖች ላይ፣ ለስታቲክ መስመሩ የውጭውን ግፊት የሚቀበለውን፣ ከቆርቆሮው ወጣ ያለውን የሪቬት (የቆርቆሮ ማያያዣ ምስማር) ራስ ለውበት ሲሉ ከቆርቆሮው ጋር እኩል በሆነ ቀዳዳ የሚተኩ ሰዎችም የተሳሳተ ንባብ ይገጥማቸዋል። ስለዚህ የስታቲክ መስመሩን በባለሙያ አስፈተሽሁ። በፍተሻው ግፊቱ በ1 ኢንች ሜርኩሪ፣ ማለትም በ1,000 ጫማ ያህል ከፍታ ልክ ከተቀነሰ በኋላ አልቲሜትሩ ከሚያሳየው ከፍታ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ100 ጫማ በላይ መጥፋት የለበትም፤ የእኔ አላፈሰሰም።

ከዚያ የፍጥነት መለኪያውን ነቅዬ ውሃ በያዘና እንደ ዩ ፊደል በታጠፈ ግልጽ ቱቦ ፈተንሁት። በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለው የውሃ ልዩነት 165 ሚሊ ሜትር ሲሆን መለኪያው 100 ኖት፣ 60 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን 60 ኖት ማሳየት አለበት። የእኔ በ165 ሚሊ ሜትር 109 አሳየ። አልቲሜትሩም መሬት ላይ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ፈቃድ ባለው የአውሮፕላን መሣሪያዎች ጥገና ጣቢያ ሲፈተሽ በ10,000 ጫማ ላይ በ240 ጫማ ተሳስቶ ተገኘ፤ የአሜሪካ ደንብ በዚያ ከፍታ የሚፈቅደው 80 ጫማ ብቻ ነው።

እንግዲህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የመሣሪያው መለያ ቁጥር፣ የፍተሻው ቀንና በየከፍታው የተገኘው ስሕተት የተጻፈበትን ሰነድ ጠይቁ፤ ሻጩ ካላቀረበ አትግዙ። ዕቃው እንደደረሰም፣ አውሮፕላኑ ቢያልቅም ባያልቅም፣ የፍጥነት መለኪያውን በውሃው ቱቦ ፈትኑ፤ አልቲሜትሩን ግን መሬት ላይ የሚያሳየው ስለማይበቃ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ወደ ጣቢያ ላኩት። የፍጥነት መለኪያውን ስትፈትኑ፣ ውስጡ ያለው ካፕሱል (በግፊት የሚለጠጥ የብረት ከረጢት) ስስ ስለሆነ ግፊቱን በዝግታ ጨምሩ እንጂ በአፍም ሆነ በኮምፕረሰር ፈጽሞ አትንፉበት።

የሁለቱንም ፍተሻ ውጤት ለሻጩ ብልክለትም ጊዜው አልፏል በማለት ገንዘቤን አልመለሰልኝም።