«መግጠሙ በነጻ ነው» ለሚሏችሁ የመኪናችሁን ቁልፍ ቶሎ አትስጡ

ለመኪናችሁ ጉልበት ወይም ቁመና የሚጨምር ዕቃ ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን አንብባችሁ ግዙ። እኔ «ዕቃውን ከእኛ ከወሰድክ መግጠሙ በነጻ ነው» የሚለውን ቃል አምኜ፣ ሦስት ወር ሳይሞላ ሁለት የፊት ጎማና የፊት ብራቾ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ጎሚኒዎችን፣ ማለትም መጋጠሚያ ላስቲኮቹን በሙሉ ለመቀየር ተገድጃለሁ።

የገዛሁት ሁለት ነገር ነው፤ መኪናዋን ዝቅ የሚያደርጉ አጫጭር ሞላዎችና ሰፋ ያለ የአየር ማስገቢያ ቱቦ ከነፊልትሮው። መጀመሪያ ራሴ ልገጥመው ነበር ሐሳቤ። ሻጮቹ «ምን አደከመህ፣ እኛው እንገጥምልሃለን» አሉኝ። ጠዋት አስገብቼ ከምሳ በፊት አስረከቡኝ። አራት ሞላና አንድ ቱቦ በግማሽ ቀን! ፍጥነታቸው ያን ዕለት አስደስቶኝ ነበር፤ ሊያስጠረጥረኝ ነበር የሚገባው።

ቆየት ብሎ መሪው ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረ። ጎማው ከውጭ ሲታይ ጥርሱ ደህና ነው። አንድ ቀን መሪውን ጥግ ድረስ አዙሬ እጄን ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ሳስገባ ሽቦ ጣቴን ወጋኝ። ጎማው በውስጥ በኩል ተበልቶ አልቋል። በዚያ ጎማ ልጆቼን ጭኜ ረጅም መንገድ ሄጃለሁ። ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

ሌላ መካኒክ ዘንድ ወስጄ ሲፈታው ነገሩ ግልጽ ሆነ። መኪና ዝቅ ሲል የጎማው አቋም ይቀየራል፤ ብዙውን ጊዜ ላይኛው ጫፉ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ የሚያይበት አቅጣጫም ይዛባል። ስለዚህ ሞላ ከተቀየረ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቋምና አቅጣጫ ማስተካከል፣ ግድ ነው። አልሠሩትም፣ እንዳሠራም አልነገሩኝም።

ሁለተኛው ጥፋት ዓይን አያየውም። የብራቾ ጎሚኒ መሐሉ ላይ የብረት ቀለበት አለ፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ቀለበቱ ካለበት አይነቃነቅም። ብራቾው ከፍ ዝቅ ሲል የሚጠማዘዘው ላስቲኩ ነው። እናም ብሎኑ ለመጨረሻ ጊዜ መጥበቅ ያለበት መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ክብደቷን ስትጥል፣ ወይም ብራቾው በክሪክ እዚያው ከፍታ ድረስ ሲገፋ ነው። የእኔን ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ እያለ በአየር መፍቻ አጥብቀው ለቀቁት። መኪናዋ መሬት ስትነካ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ቀረ፤ ቆማም ስትሄድም እንደተጠማዘዘ ነው። መካኒኩ አውጥቶ መዳፌ ላይ ሲያስቀምጠው ዙሪያውን ተሰንጥቆ ነበር።

ቱቦውም የራሱ ጣጣ ነበረው። የአየሩን መጠን የሚለካው ሴንሰር ሒሳቡ የተሠራው ለፋብሪካው ቱቦ ስፋት ነው። ቱቦው ሰፊ ሲሆን አየሩ በሴንሰሩ ላይ ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ኮምፒውተሩም ትንሽ አየር የገባ እየመሰለው ቤንዚን ይቀንሳል። ለ1 ኪሎ ቤንዚን ሚዛኑ 14.7 ኪሎ አየር ገደማ ነው፤ ቤንዚኑ ከዚህ አንሶ ሞተሩ ከባድ ጭነት ሲጎትት የማንኳኳት (ቤንዚኑ ያለ ሥርዓት የመፈንዳት) አደጋ ይመጣል፣ ፒስተን እስከ መጉዳት ይደርሳል። የእኔ ቼክ ኢንጅን (የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት) በርቶ ኮዱ ሲነበብ ፒ0171 ነበር፤ ቤንዚኑ ከአየሩ አንሷል ማለት ነው። ወደ ሻጮቹ ብመለስ ኮዱን አጥፍተው ሰደዱኝ። በማግስቱ ተመልሶ በራ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጎማውንና ጎሚኒውን ይዤ ስሄድ ደረሰኜን ጠየቁኝ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው የዕቃዎቹ ስም ብቻ ነው። «ዕቃው ምንም አልሆነም፤ ለመግጠሙ ደግሞ አልከፈልክም» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ያልከፈልኩበት ሥራ ወረቀት ላይ የለም፣ ወረቀት ላይ የሌለ ሥራ ደግሞ ዋስትና የለውም። የገጣሚው ድካም ዕቃው ዋጋ ውስጥ እንደተካተተ የገባኝ ያኔ ነው። ከፍዬ ነበር፤ የከፈልኩበትን ማስረጃ ግን አልያዝኩም።

ታዲያ ራስ መግጠም ይሻላል ወይስ መካኒክ? እኔ አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ብሳሳት ምን ይሆናል? ፊልትሮ ወይም ካንዴላ ስቀይር ብሳሳት ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ መኪናዋ ደጄ ላይ ትቆማለች። ካንዴላም ቢሆን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ መጀመሪያ በእጅ እየተሽከረከረ ይግባ፤ አለዚያ ካንዴላው የሚገባበትን የቴስታታ ጥርስ ማበላሸት ይመጣል። የአየር ቱቦውን መልሼ የፋብሪካውን የገጠምኩት ራሴ ነኝ፣ በካቻቪቴና በአንድ ቁልፍ። ሞላ ግን ሌላ ነው። ታምቆ የተያዘ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል፤ ማመቂያው ሳይኖራችሁና የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ሳይቆም አትንኩት። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ቱርቦ፣ ቺንጋ የሚነካ ሥራም ለባለሙያው ይሁን። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ደግሞ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን አትግቡ፣ ማቆሚያ ድጋፍ ይግባበት።

ራሴ እሠራለሁ የምትሉ ቶርክ ሬንች (ምን ያህል እንደጠበቀ የሚለካ መፍቻ) ግዙ። የጎማ ዳዶ በብዙ የቤት መኪኖች 100 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ ትክክለኛውን የመኪናችሁ መጽሐፍ ይነግራችኋል። በክንድ ግምት የሚሠራ ነገር አይደለም። ጎማ ተፈትቶ ከታሰረም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ደግማችሁ ፈትሹት።

ለመካኒክ የምትሰጡ ከሆነ ዕቃውን ለብቻ ግዙ፣ የእጅ ዋጋውን ለብቻ ተነጋገሩ፣ ሁለቱም ደረሰኝ ላይ ለየብቻ ይጻፍ። ደንበኛው ራሱ ገዝቶ ባመጣው ዕቃ ላይ ዋስትና የማይሰጥ መካኒክ አለ፤ ይህን ቀድማችሁ ጠይቁ። የብራቾውን ብሎን መኪናዋ ምን ላይ ቆማ እንደሚያጠብቀው ጠይቁት። አንዴ ከተፈቱ በአዲስ የሚተኩ ብሎኖች እንዳሉም ጠይቁት። የሚያውቅ ሰው በጥያቄ አይቆጣም፤ የኔው አዲሱ መካኒክ እንዲያውም ብራቾው ሥር ክሪክ አስገብቶ እያሳየኝ ነው ያጠበቀው። አላይመንት ከተሠራ በፊትና በኋላ የተነበበውን ቁጥር የያዘውን ወረቀት ተቀበሉ።

የወለቀውን አሮጌ ዕቃም ይዛችሁ ውጡ። እኔ ቱቦውን ስለያዝኩት መልሼ ገጠምኩት፤ የፋብሪካውን ሞላዎች ግን «ጥለነዋል» ስላሉኝ መኪናዋን ወደ ዱሮ ቁመቷ ለመመለስ አራቱንም እንደገና መግዛት ነበረብኝ።